ባለቤት አልባ ገላጭና አቻ አሰላለፍ

የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጻሕፍት «ዳንግሊንግ ሞዲፋየር» እና «ፓራለል ስትራክቸር» የሚሏቸውን ሁለት ጉዳዮች ብዙ ጊዜ የምናገኛቸው ስለ አጻጻፍ ውበት በሚያወራው ምዕራፍ ውስጥ ነው። እዚያ ሲነበቡ ዓረፍተ ነገሩ ለጆሮ እንዲጥም ሲባል የሚጠበቁ ወጎች ይመስላሉ። ቃል በቃል ብንመልሳቸው የመጀመሪያው «ተንጠልጣይ ገላጭ»፣ ሁለተኛው «ትይዩ አወቃቀር» ይሆናል። ስሕተት ናቸው አይባልም፤ ነገሩን ግን አይናገሩም። የተንጠለጠለ ነገር ቢያንስ የተንጠለጠለበት አለው፤ ይህ ገላጭ ግን የሚገልጸውን ያጣ ነው። ትይዩ መስመሮችም መቼም አይገናኙም፤ እዚህ የተደረደሩት ቃላት ግን አንድ ራስ ላይ ካልተገናኙ ፍቺ የላቸውም። ስለዚህ የመጀመሪያውን «ባለቤት አልባ ገላጭ»፣ ሁለተኛውን «አቻ አሰላለፍ» ብንላቸው ይሻላል እላለሁ። «ባለቤት» የሰዋስዋችን ነባር ቃል ነው። «አሰላለፍ» ደግሞ ማን ከማን ጎን እንደቆመ ሲናገር ማን የማን ወገን እንደሆነም አብሮ ይናገራል። የምርጫዬ መሠረት ይህ ነው፦ አማርኛ በቅጥያ የሚሠራውን ብዙ ሥራ እንግሊዝኛ የሚሠራው በቦታና በቅርጽ ነው፤ ቦታው ሲሳት መጀመሪያ የሚጎዳው ትርጉሙ ነው።

«ዎኪንግ ዳውን ዘ ሮድ፣ ዘ ቸርች አፒርድ» የሚለውን እንይ። ጸሐፊው ሊል የፈለገው «በመንገዱ ስሄድ ቤተ ክርስቲያኑ ታየኝ» ነው። «ዎኪንግ» ግን እኔን፣ አንቺን፣ እነሱን አይለይም፤ ባለቤቱን የሚበደረው ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎ ከሚመጣው ስም ነው፤ ያ ስም ደግሞ «ቸርች» ነው። በሰዋስው ሚዛን እንግዲህ በእግሩ የሚጓዘው ቤተ ክርስቲያኑ ሆነ። አማርኛው ከዚህ ጣጣ የዳነው ግሡ ባለቤቱን በሆዱ ይዞ ስለሚዞር ነው፦ ስሄድ፣ ስትሄድ፣ ሲሄዱ። ቦዝ አንቀጹም እንዲሁ ነው፦ በልቼ፣ በልታ፣ በልተን። የዋናው ግሥ ባለቤት ሌላ ቢሆን እንኳ አድማጭ አይደናገርም። በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው በእንግሊዝኛ ሲጽፍ እዚህ ላይ ቢሰናከል ስንፍና አይደለም፤ ግሡን እንደ አገሩ ግሥ አምኖት ነው። አማርኛም ቢሆን ባለቤቱን የሚጥልበት ቦታ አለው። «ችግሩን በማጥናት ውሳኔ ተሰጥቷል» የሚል ሪፖርት ማን እንዳጠና፣ ማን እንደወሰነ አይነግረንም፤ «ኮሚቴው ችግሩን አጥንቶ ወሰነ» ቢል ኖሮ ተጠያቂው ይታወቅ ነበር። የቢሮ አማርኛ «በማጥናት»ን እንዲህ የወደደው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

የአሰላለፉ ነገር ደግሞ ገንዘብ አስከፍሏል። በአሜሪካ የሜይን ግዛት ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማይመለከታቸውን ሥራዎች ሲዘረዝር፣ የሚበላሹ ምግቦችን ማቀነባበርን፣ ማድረቅን፣ ለገበያ ማቅረብን፣ ማከማቸትን እየጠራ ይመጣና «ፓኪንግ ፎር ሺፕመንት ኦር ዲስትሪቢውሽን» ላይ ያበቃል። ከ«ሺፕመንት» በኋላ ነጠላ ሰረዝ የለም። ኦክኸርስት የተባለው የወተት ድርጅት ሾፌሮች ወተት ያከፋፍላሉ እንጂ አያሽጉም። ማከፋፈል ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ከተዘረዘረ ክፍያ የላቸውም፤ «ለማጓጓዝ ወይም ለማከፋፈል ማሸግ» ከተባለ ግን የተጠቀሰው ማሸግ ብቻ ስለሆነ ክፍያው ይገባቸዋል። ጠበቆቻቸው ከያዟቸው መከራከሪያዎች አንዱ የአቻ አሰላለፍ መከራከሪያ ነበር፦ የተዘረዘሩት ሥራዎች ሁሉ በ«ኢንግ» ያልቃሉ፣ «ዲስትሪቢውሽን» ግን አያልቅም፤ በቅርጹ የሚመሳሰለው ከ«ሺፕመንት» ጋር ስለሆነ ሁለቱም የ«ፎር» ጭፍሮች ናቸው። ድርጅቱም ባዶ እጁን አልመጣም፤ ማሸግ የመጨረሻው ሥራ ቢሆን ኖሮ ከፊቱ «ኦር» በገባ ነበር አለ፤ የግዛቱ የሕግ ረቂቅ መመሪያም በዝርዝር መጨረሻ ላይ ነጠላ ሰረዝ እንዳይገባ እንደሚመክር አስታወሰ። የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ሐረጉ አሻሚ ነው ብሎ፣ በሜይን እንዲህ ያለው ሕግ ለሠራተኛው በሚጠቅም መንገድ ስለሚተረጎም፣ ለሾፌሮቹ ፈረደ። በዓመቱ ጉዳዩ በ5 ሚሊዮን ዶላር ዕርቅ ተዘጋ። ጋዜጦቹ ሁሉ ስለ ነጠላ ሰረዝ ጻፉ። የግዛቱ ምክር ቤት ሕጉን ሲያርም ግን በሥርዓተ ነጥቡ አላበቃም፤ «ዲስትሪቢውሽን»ን «ዲስትሪቢውቲንግ» አድርጎ ከጓደኞቹ ጋር አሰለፈው። በአማርኛ ክርክሩን የሚቆርጠው አንድ ፊደል ነበር፦ «ለማከፋፈል» ወይም «ማከፋፈል»።

አንድ ገላጭ ከብዙ ስሞች በኋላ ሲመጣም ጥያቄው ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት የቀረበው ሕግ ሦስት የወሲብ ጥቃት ወንጀሎችን ደርድሮ መጨረሻ ላይ «ለአካለ መጠን ያልደረሰን ወይም በሌላ ሰው ሥር ያለን ሰው የሚመለከት» የሚል ሐረግ ያክላል። የተከሳሹ የቀድሞ ጥፋት የተፈጸመው በአዋቂ ላይ ነበር፤ ሐረጉ ሦስቱንም ከገለጸ ቢያንስ 10 ዓመት የሚያሳስረው ድንጋጌ አይነካውም፣ የመጨረሻውን ብቻ ከገለጸ ይነካዋል። ስድስት ዳኞች፣ በሶንያ ሶቶማዮር ብዕር፣ የመጨረሻውን ብቻ ነው አሉ፤ ኤሌና ኬገን ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ተራ አንባቢ ሦስቱንም ነው ብሎ ይረዳል ሲሉ ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. በ2021 በፌስቡክ ላይ በቀረበው የስልክ መልእክት ክስ፣ ያው የሶቶማዮር ብዕር ከሁለት ግሦች በኋላ፣ ከነጠላ ሰረዝ ቀጥሎ የመጣው ሐረግ ሁለቱንም ይገልጻል ሲል ጻፈ። ይህ ዳኛዋ ተገለባበጡ ማለት አይደለም፤ ነጠላ ሰረዙና የሐረጉ አሠራር የተለያዩ ነበሩ። ቦታ ትርጉምን ምን ያህል እንደሚሸከም ግን ይታይበታል።

ዐውደ ንባብ እያለ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። ቤተ ክርስቲያን እንደማይራመድ ማን ያጣዋል? ሼክስፒርም ቢሆን ከዚህ አልዳነም፦ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ሐምሌት» ውስጥ የሟቹ ንጉሥ መንፈስ በአትክልት ቦታው ተኝቶ ሳለ እባብ ነደፈው መባሉን ሲናገር፣ በእንግሊዝኛው አሰላለፍ ከሄድን የተኛው እባቡ ነው። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ተነቧል፣ ተመልካችም ግራ አልተጋባም። «ኮንሲደሪንግ»ን የመሰሉ ቃላትም ባለቤት መፈለግ ትተው እንደ መስተዋድድ ያገለግላሉ። ተቃውሞው ለቤተ ክርስቲያኑም ለእባቡም ይሠራል፤ አንደኛው ንባብ የማይሆን ስለሆነ ሌላው ያሸንፋል። ለወተቱ ሾፌሮች ግን አይሠራም። ማከፋፈልም ለማከፋፈል ማሸግም እኩል የሚታመኑ ሥራዎች ናቸው፤ ዐውደ ንባቡ ዝም ሲል የሚናገረው አሰላለፉ ብቻ ነው። የሚያስፈራው አሻሚነት የሚያስቀው ሳይሆን ሁለቱም ፍቺዎቹ ጤነኛ የሆኑት ነው።

አማርኛስ ነጻ ነው ወይ? አይደለም፤ ጥርጣሬው አቅጣጫውን ብቻ ይቀይራል። እንግሊዝኛው እንዲህ ያለውን ሐረግ ከስም በኋላ ስለሚያመጣ ጥያቄው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ አማርኛ ገላጭን ስለሚያስቀድም ወደ ፊት ይሄዳል። «የውጭ አገር ባንኮችና መድን ድርጅቶች» ሲባል ባንኮቹ የውጭ ለመሆናቸው ጥርጥር የለም፤ አጠራጣሪው መድን ድርጅቶቹ ናቸው። ይህ ልዩነት የሚከብደው ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን በሚታተሙበት በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲወጣ፣ ሁለቱ ሲለያዩም አማርኛው እንዲጸና ይደነግጋል። በእንግሊዝኛው ዓምድ «ፎር» ሁለት ስሞችን ይያዝ አንዱን ሳይነገር ሊያልፍ ይችላል፤ የአማርኛው ጸሐፊ ግን ሁለተኛው ቃል ላይ «ለ»ን ማድረግ ወይም መተው ግዴታው ነው፤ ሕግ ሆኖ የሚጸናውም እሱ የመረጠው ነው።