ቀለም የነካው ጨርቅ

በይርጋጨፌ «ታጠበ» የሚለው ግሥ የቡና ነው። በመኸር ወራት ቀዩ እሸት ወደ መፈልፈያው መጉረፍ ሲጀምር ስለ መታጠብ የሚያወራ ሰው ሁሉ ስለ ቡና እንደሚያወራ ይታወቃል። እኔ ግን ቅዳሜና እሑድ የማጥበው መኪና ነው። በሳምንቱ አምስት ቀናት የታሪክ መምህር ነኝ፤ በቀሩት ሁለት ቀናት ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዳር፣ አንድ ፓምፕ፣ አንድ በርሜልና ሁለት ጎረምሶች ይዤ ላቫጆ እሠራለሁ። የመምህርን ደመወዝ ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱን መዘርዘር አያስፈልግም።

ነገሩ በማጠብ ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ባልተነሣሁ ነበር። ጣጣው የመጣው ከማጠብ ወደ ማንጸባረቅ፣ በእኛ አነጋገር ወደ «ፖሊሽ» የተሸጋገርኩ ዕለት ነው።

ከመጀመሪያዎቹ የፖሊሽ ደንበኞቼ አንዱ ጡረታ የወጡ አዛውንት ነበሩ። አንድ ሰማያዊ ቮልስ አላቸው፤ ፀሐይ ልብሱን ስለገፈፈው ሰማያዊነቱ እንደ አሮጌ ካኪ ነጣ ብሏል። ከዲላ ገዝቼ ያመጣሁትን ሻካራ ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ አድርጌ በሩን ማሸት ስጀምር ጨርቁ ሰማያዊ ሆነ።

«ቲቸር፣ ምን እያደረግህ ነው?» አሉኝ።

«ቆሻሻ ነው፣ ጋሼ።»

«ቆሻሻ ሰማያዊ ሆኖ አያውቅም። ቀለሜን በጨርቅ ጠቅልለህ ልትወስደው ነው?»

ሥራው በዚያው ቆመ። እሳቸውም አንዱ በር የሚያበራ፣ ሌላው የደበዘዘ ቮልሳቸውን ይዘው ሄዱ። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ጨርቅ ጠባቂ ሆንኩ፤ ጨርቁ ቀለም ካመጣ ማቆም፣ ካላመጣ መቀጠል የሚል ሕግ ለራሴ አወጣሁ።

ሕጉ የፈረሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። አንድ የቡና ነጋዴ አዲስ ሊባል የሚችል ጥቁር ፒክአፕ አመጣ። ያንኑ ሻካራ ፖሊሽ ቀባሁ፤ አሸሁ፤ ጨርቁን አየሁት፤ እንደ ነጠላ ነጭ ነው። ጉልበት ጨመርኩ። ደግሜም አሸሁ። ጨርቁ አሁንም ንጹሕ ነው። በኮፈኑ ጠርዝ ላይ መዳፍ የምታህል የፈዘዘች ቦታ ያየኋት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነበር። ባጠብኳት ቁጥር ባሰባት እንጂ አልለቀቀችም። ኮፈኑን ዲላ ወስጄ እንደገና አስቀባሁት፤ የከፈልኩት ከሁለት ወር ደመወዜ ይበልጥ ነበር። ቀለም የሰጠኝ ጨርቅ ምንም አላጠፋም ነበር፤ ምንም ያልሰጠኝ ጨርቅ ግን ከሰረኝ። ለምን? ጥያቄው የኬሚስትሪ ይመስላል፤ መልሱን ያገኘሁት ግን በገዛ ሙያዬ፣ በታሪክ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው መኪና ፈረስ የሌለው ሠረገላ ነበር፤ ቀለሙም የሠረገላ ቀለም። በዘይት የተሠራ ቬርኒሽ በብሩሽ ይቀባል፤ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ በተፈጨ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና በውኃ ይታሻል፤ እንደገና ይቀባል። አንድ አካል ተቀብቶ እስኪያልቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ለአጼ ምኒልክ መኪና ይዞ ጉዞ ሲጀምር የዓለም የመኪና ቀለም ሙያ ገና እዚህ ላይ ነበር። ፎርድ ደግሞ ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪናውን ከ1914 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. በጥቁር ብቻ ያመረተው ጥቁር ስለወደደ ብቻ አይደለም፤ ሬንጅ መሰል ነገር ያለበት ጥቁር ቀለም በምድጃ ሙቀት ሲጋገር ፈጥኖ የሚደርቅና ርካሽ ስለነበረ ነው።

ለውጡ የመጣው ከባሩድ ቤት ነው። ጥጥ በናይትሪክ አሲድ ተነክሮ የሚገኘው ናይትሮሴሉሎዝ ጭስ አልባ ባሩድ ይሠራበት ነበር። ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ባሩድ ሲያመርት የቆየው የአሜሪካው ዱፖንት ከዚሁ ዘር «ዱኮ» የተባለ ቀለም አወጣ፤ ጄኔራል ሞተርስም በ1923 እ.ኤ.አ. ኦክላንድ በተባሉት መኪናዎቹ ላይ ተጠቀመበት። ሳምንታት ወደ ሰዓታት ወረዱ፤ ሰማያዊውም አረንጓዴውም በተራ ሰው መኪና ላይ ታየ። ዳሩ ግን ይህ ቀለም ፀሐይ ሲያገኘው ይደበዝዛል። ስለዚህ የመኪናው ባለቤት ከቀለሙ ጋር አብሮ አንድ ሥራ ገዛ፤ ማሸት። ቺካጎ ላይ በ1910 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውን ሲሞናይዝን የመሰሉ የሰምና የፖሊሽ ኩባንያዎች ገበያ በዚህ ደራ።

የጋሼ ቮልስ በዱኮ አልተቀባችም፤ የእሷ ቀለም ኋላ የመጣው ሰው ሠራሽ ኢናሜል ነው። ጠባዩ ግን በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ ቀለሙ እስከ ላይኛው ገጽ ድረስ ቀለም ነው። የአዲስ አበባዎቹ ሰማያዊና ነጭ ላዳዎችም ከዚሁ ወገን ናቸው። የሞተውን ስስ ገጽ ስታነሣ አብሮ ቀለም ይነሣል፤ ሥሩ ያለው ሕያው ቀለም ይወጣል። ጨርቁ ሰማያዊ መሆኑ የሥራው ምልክት እንጂ የጥፋት ምልክት አልነበረም። ብቻ በልክ ሊሆን ይገባዋል፤ ቀለሙ ማለቂያ አለውና።

የነጋዴው ፒክአፕ ሌላ ዘመን ነው። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፋው አሠራር ቀለሙን ከሥር አድርጎ በላዩ ላይ መስታወት የመሰለ ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ይደርብበታል። የቀቢዎቹ «ክሊር» ማለት ይህ ነው። ቀለሙን ከፀሐይ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ውፍረቱ ግን ከሰው ፀጉር ያንሳል፤ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። በጠርዝ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። የምታሸው ነገር ቀለም ስለሌለው ጨርቁ ምንም አይነግርህም። ጨርቁ በተናገረ ጊዜ ሽፋኑ አልቋል።

የዲላው ቀቢ ይህን ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ነገረኝ፤ «ላዩን ጨርሰህ አመጣህልኝ» አለ። ከዚያም ኮፈኑን በብርጭቆ ወረቀት ሲያሽ ጠየቀኝ፤ «ሲሊኮን ቀብተኸዋል?» መቀባቴን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ሲሊኮን ያለበት ማንጸባረቂያ የነካው ቆርቆሮ በደንብ ካልጸዳ አዲሱ ቀለም ይሸሸዋል፤ እዚህም እዚያም እንደ ዓሣ ዓይን ይከፈታል። (በነገራችን ላይ ይህ ሙያ ዛሬም ድረስ የሚናገረው በጣሊያንኛ ነው። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ባትላሜራ፣ መሙያው ስቱኮ፣ ጎማ ሠሪው ጎሚስታ፣ የእኔውም ላቫጆ። ጣሊያን ሄዷል፤ ጋራዡ ግን አልተተረጎመም።)

እንግዲህ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ «ፖሊሽ» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይሠራሉ። አንዱ ይቀንሳል፤ ደቃቅ አሸዋ ያዘለ ነውና ገጹን ይልጣል። ሌላው ይጨምራል፤ ሰም ነው፤ በገጹ ላይ ይቀመጣል። እኔ መጨመር ለሚያስፈልገው መኪና መቀነሻ ነበር የቀባሁት።

ሰም ካልን ደግሞ የእኛን አገር ማን ያስተምረዋል? የጧፋችን፣ የመስቀል ማቅለጫ ቅርጻችን፣ የቅኔያችን እንኳ ግማሽ ሰም ነው። ከቡናና ከቆዳ ጋር ሰም ለረጅም ዘመን የውጭ ንግዳችን ዕቃ ነበር፤ ዛሬም ኢትዮጵያ በዓለም በንብ ሰም አምራችነት ከሚጠሩት አገሮች አንዷ ናት። አብዛኛውም የሚገኘው ከጠጅ ቤት ነው፤ ጠጁ ሲጠለል ከሚቀረው ሰፈፍ። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት በመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ውስጥ ተቀምጬ፣ ቡናና እንሰት በአንድ ጥላ ሥር በሚበቅሉበት፣ ንብ በሞላበት አገር፣ ሰም በቆርቆሮ ከውጭ መግዛት ቁጭት ሆነብኝ። ሰፈፍ ገዝቼ አቀለጥኩ፤ አጣራሁ፤ በተርፔንታይን አለዘብኩት። በራሴ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ታንክ ላይ ቀባሁት። አበራ! ሽታውም የቤተ ክርስቲያን ነበር። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ግን ታንኩ ላይ የይርጋጨፌ ቀይ አቧራ እንደ በርበሬ ተነስንሶ ተጣብቆ አገኘሁት።

የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴልሲየስ ላይ ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም ይላላል። በፀሐይ የዋለ ጥቁር ቆርቆሮ ደግሞ እጅ ያቃጥላል። የመኪና ሰም ሠሪዎች የሚሹት በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል ዘንባባ ቅጠል የሚራገፈውን ካርናውባን ነው፤ እሱ እስከ 82 ዲግሪና ከዚያ በላይ አይበገርም። የአሜሪካው የሰም ነጋዴ ኸርበርት ጆንሰን በ1935 እ.ኤ.አ. ይህን ዘንባባ ፍለጋ በየብስም በውኃም በሚያርፍ አውሮፕላን ከዊስኮንሲን እስከ ፎርታሌዛ ድረስ በሮ ነበር። ለአንድ ዛፍ ላብ ይህን ያህል መብረር ያኔ አስቆኝ ነበር፤ ታንኬን ስፍቅ ግን አልሳቅሁም።

አሁን በመደርደሪያዬ ላይ ያለው ጥቂት ነው። ለመኪና የተሠራ ለዘብ ያለ ሻምፑ አለ፤ ዱቄት ሳሙና ከቆሻሻው ጋር ሰሙንም ጠራርጎ ይሄዳልና። የካርናውባ ሰም አንድ ቆርቆሮ አለ፤ ውድ ስለሆነ በጣት ጫፍ ነው የምቆጥበው። ደቃቅ ፖሊሽ አለ፤ ሻካራውን ለጎረምሶቹ እንኳ አላሳይም። ሲሊኮን ያለበትን ለጎማ ብቻ ትቼዋለሁ። ጎረምሶቹን ያስተማርኳቸው ዋና ነገር ግን ከጠርሙስ አይወጣም፤ ቀዩን ጭቃ አስቀድሞ በውኃ ማውረድ፣ በእንሰት ቃጫ አለመፈተግ። የጭነት መኪና ረዳቶች ካቢናቸው እንዲያበራ በናፍጣ ወልውሉልን ሲሉ ግን እስከ ዛሬ አላሸነፍኳቸውም። ሞያሌ እስኪደርሱ ድረስ ያበራል፤ ለእነሱ የሚበቃቸው ይኸው ነው።

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ወደ ጋሼ ቤት ራሴ ሄድኩ። ቮልሷ ግቢው ውስጥ ባለሁለት መልክ እንደሆነች ቆማለች። ታሪኩን ከሠረገላው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ባሩዱ ላይ ስደርስ ቡና አስፈሉ። ከቡናው በኋላ በደቃቁ ፖሊሽ፣ በስሱ፣ የቀሩትን በሮች ሠራሁ፤ ጨርቁም እንደ ልማዱ ሰማያዊ ሆነ። ሰም ቀብቼ ስጨርስ መኪናዋን ዞረው ዞረው አዩአት፤ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«ጨርቁን ስጠኝ» አሉ።

«ምን ያደርግልዎታል፣ ጋሼ?»

«ቀለሙ የኔ ነው» ብለው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።