ካላዛርና ሳትመለስ የቆየች ጥያቄዬ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የባዮሎጂ ተማሪ ሳለሁ፣ ያጎቴ ልጅ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ ሰውነቱ መንምኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ ተመለሰ። ካላዛር ነበር። አብሮት የወረደው ጓደኛው እዚያው ቀረ። እሱ ግን አንቲሞኒ ያለበትን መርፌ ለ30 ቀን በየቀኑ ተወግቶ ዳነ። መምህራችንን «መድኃኒቱ ተሕዋሱን እንዴት ነው የሚገድለው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «መግደሉን እናውቃለን፤ እንዴት የሚለውን ግን ያወቀ የለም» አሉኝ። የክፍል ጓደኞቼ ታስታውሱ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲህ «ጨቅጫቃው» ትሉኝ ነበር።

መልሱ የተገኘው ከዝግመተ ለውጥ ታሪክ ነው። ሌይሽማንያ የተባለው ይህ ባለ አንድ ሴል ጥገኛ የሚኖረው ሊገድሉት በሚገባቸው ነጭ ሴሎቻችን ውስጥ ነው። ሴሎቹ ሲውጡት ሱፐርኦክሳይድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያዘንቡበታል። እኛ ራሳችንን ከእነዚህ የምንጠብቀው በካታሌዝ፣ በግሉታታዮንና በመሳሰሉት ነው። ሌይሽማንያ ካታሌዝ የለውም። ሱፐርኦክሳይድን የሚያከሽፍበት ኢንዛይምም በብረት የሚሠራ፣ ከእኛ ይልቅ የባክቴሪያን የሚመስል ነው።

የሚገርመው፣ እንደ ክሪቲዲያ ያሉ በነፍሳት ሆድ ብቻ የሚኖሩ ዘመዶቹ ካታሌዝ አላቸው፤ ዘረመሉ ሲመረመር ደግሞ ከባክቴሪያ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ለካ ዝግመተ ለውጥ መሰላል መውጣት ብቻ አይደለም፤ ከጎረቤት መዋስም አለበት!

ዋናው ግኝት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ አለን ፌርላምብ፣ አንቶኒ ሴራሚና ባልደረቦቻቸው ከዚያው ከክሪቲዲያ ትሪፓኖታዮን የተባለ ሞለኪውል ለዩ። ሁለት ግሉታታዮኖች በስፐርሚዲን ተጣምረው የሠሩት ነው። የሌይሽማንያም መከላከያ በአብዛኛው የቆመው በዚሁ ላይ ነው፤ በእኛ ገላ ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ አንቲሞኒ ይህን ሞለኪውል የሚያድሰውን ኢንዛይም እንደሚያግድ ታየ። ጥያቄዬ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይታ መልስ አገኘች ማለት ነው።

ሥራው ግን አላለቀም፤ መርፌው ልብንና ቆሽትንም ይጎዳል። ተሕዋሱን ብቻ መርጦ የሚመታ መድኃኒት የሚፈለገው በዚሁ በእኛና በእሱ ልዩነት ላይ ነው።

ያጎቴ ልጅ ወልዶ ለመሳም በቃ። ዛሬ በማስተማር ላይ ያላችሁ፣ ተማሪ የማታውቁትን ሲጠይቃችሁ እንደ መምህራችን «ያወቀ የለም» በሉት። እኔን ዕድሜ ልኬን ያስነበበኝ ያ መልስ ነው።