ደቦ፣ ጠላ እና ሆርሞን

መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲገባ የሱሉልታ ሜዳ ሣር ለአጨዳ ይደርሳል። ታጭዶ፣ ደርቆና ተከምሮ በመኪና እየተጫነ ለአዲስ አበባና ለዙሪያዋ የወተት ላሞች ይሄዳል። ዛሬ ብዙውን የሚያጭዱት በቀን ሒሳብ የተቀጠሩ ሰዎች ናቸው። ቀድሞ መናገሻ አውራጃ በሚባለው በዚህ አገር፣ በሱሉልታም ሆነ በሰበታና በቡራዩ በኩል፣ ለአንድ ቤተሰብ የከበደ አጨዳ፣ አረም፣ ውቂያ ወይም የቤት ሥራ ሲመጣ ግን ባለቤቱ ደቦ ይጠራ ነበር።

ጥሪው ከመድረሱ በፊት የቤቱ ሴቶች ጌሾ ወቅጠው፣ ብቅል ፈጭተው ጠላውን ጠምቀዋል። ጠላው ሳይደርስ ደቦ አይጠራም። ማለዳ ማጭዱን ይዞ የመጣው ጎረቤት በአንድ መስመር ይሰለፋል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ማጭዱም ከዜማው ጋር ይሄዳል። ወደኋላ የቀረውን ሰው ማንም አይገላምጠውም፤ ግራና ቀኙ ተመልጦ ከፊቱ ብቻ የቆመው ሣር ይበቃዋል። ረፋዱ ላይ ጠላው በእንስራ ይመጣል፣ ቆሎና ንፍሮ ይከተላል፤ ዋናው ግብዣ ለማታ ይቆያል። በዚህ ሁሉ መሀል ደመወዝ የለም፣ አለቃ የለም፣ የሰዓት ፊርማም የለም።

እንዲህ ያለው መረዳዳት አንድ ዓይነት ብቻ አልነበረም። በወንፈል ቀን በቀን ይከፈላል፦ ዛሬ ለእኔ የሠራህልኝን ነገ እሠራልሃለሁ። በደቦ ግን ውለታው የላላ ነው፣ ድግሱም ዋጋ አለው፤ ባሏ የሞተባት ሴት ወይም የታመመ ሰው ብድሩን መመለስ ባይችልም ማሳው ይታጨድለታል። ኦሮምኛ ተናጋሪው የአካባቢው ገበሬም ዳዶና ጂጊ የሚላቸው ተመሳሳይ ሥርዓቶች አሉት። ያለ አለቃ ሰው እንዲህ የሚተጋው፣ ያለ ውል እንዲህ የሚተማመነው በምን ኃይል ነው? የአስተዳደር መጻሕፍት ይህን ጥያቄ ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ለአንጎል ኬሚስትሪ ትተውታል።

የዚህ ፋሽን ኮከብ ኦክሲቶሲን ነው። ይህ ሆርሞን መጀመሪያ የታወቀው በማዋለጃ ክፍል ነው፤ ማህፀን እንዲኮማተርና የጡት ወተት እንዲወርድ ያደርጋል። አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪኞ በ1953 እ.ኤ.አ. በቤተ ሙከራ ሠርቶት ከሁለት ዓመት በኋላ የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከዚያ በ2005 እ.ኤ.አ. የዙሪክ ተመራማሪዎች ሆርሞኑን በአፍንጫ የሳቡ ሰዎች ገንዘባቸውን ለማያውቁት ሰው አደራ ለመስጠት ይበልጥ እንደሚደፍሩ አስነበቡ። ሙሉ ገንዘቡን አምነው የሰጡት ሆርሞኑን ከሳቡት 29 ሰዎች 13 ሲሆኑ፣ ባዶውን መድኃኒት ከሳቡት 29 ግን 6 ብቻ ነበሩ። ወሬው ዓለምን ዞረ። ፖል ዛክ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ኦክሲቶሲንን የመተማመን ሆርሞን አድርጎ ለኩባንያ ኃላፊዎች ሰበከ፤ ሠራተኛን በሰው ፊት ማመስገንና ሥራውን በራሱ መንገድ እንዲሠራ መተው ሆርሞኑን ከፍ ያደርጋል የሚል ምክር ተበተነ።

ምክሩ ክፉ አይደለም፤ መሠረቱ ግን ተነቃነቀ። በ2020 እ.ኤ.አ. ከ670 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ድጋሚ ሙከራ የ2005ቱን ውጤት አላገኘም። ቀደም ብሎም በ2010 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሆርሞኑ ሰውን ለራሱ ወገን እንጂ ለሁሉም ቸር እንደማያደርግ ጽፈው ነበር። የመናገሻ ገበሬ ይህን ሲሰማ የሚደነቅ አይመስልም። ደቦ የሚወጣው የአገሩ ልጅ፣ የእድሩ አባል፣ የማኅበሩ ሰው ነው፤ ለመንገደኛ ደቦ አይወጣለትም።

የተሻለ መሠረት ያለው ሌላኛው ኬሚካል ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ አበርዲን ጆን ሂውዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ አንጎል ራሱ እንደ ሞርፊን ያለ ማስታገሻ እንደሚሠራ አሳወቁ። የኢንዶርፊኖች ጥናት ከዚያ ተከተለ። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች 12 ቀዛፊዎችን በቀዘፋ ማሽን ላይ አንድ ጊዜ ለየብቻ፣ ሌላ ጊዜ በአንድ ላይ 45 ደቂቃ አሠሯቸው። ልፋቱ እኩል ነው፤ አብረው በቀዘፉ ጊዜ ግን ሕመም የመቻል አቅማቸው በግልጽ ጨመረ። በአንድ ምት አብሮ መንቀሳቀስ ኢንዶርፊንን ሳይጨምር አይቀርም አሉ። አውጪና ተቀባይ ያለው የአጨዳ ዜማ የሚሠራው ይህንኑ ነው፦ የሃያ ሰው ክንድ በአንድ ምት ይወርዳል፣ ወገብም ድካሙን ይረሳል።

ሱሉልታ ላይ ይህ ልማድ ሌላ ሥራ አግኝቷል። ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ባለው በዚህ ሜዳና በእንጦጦ ጀርባ ባለው ጫካ ማለዳ ማለዳ ሯጮች በሰልፍ ይሮጣሉ። ቀነኒሳ በቀለም የመሮጫ ትራክ ያሠራው እዚሁ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ከሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ እየሮጠ የኖረው እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ማይክል ክሮሊ በ2020 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ነገር ደጋግሞ ያነሳል፦ ለብቻ መሮጥ እዚህ እንደ ጨዋ ነገር አይታይም። ከፊት የሚመራው ለሌሎቹ ጉልበት ይሰጣል፤ ከኋላ ያለው የፊተኛውን እግር እግር ይከተላል፤ መምራቱም በተራ ነው። ወንፈል በስፖርት ቱታ ቢባል አያሳፍርም።

ሦስተኛው ዶፓሚን ነው፤ የማታውን ግብዣ የሚመለከተውም እሱ ነው። የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልትስ በዝንጀሮዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ የዶፓሚን ነርቮች በመጀመሪያ የሚነቁት ያልታሰበ ጭማቂ ሲመጣ ነበር። እንስሳው ሲለምድ ግን ገና ምልክቱን ሲያይ ይነቃሉ፤ ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ ከወትሮው በታች ይወርዳሉ። ጠላው ረፋድ ላይ ሲታይ ሥራው ይፈጥናል ማለት ነው። ጠላው ያነሰበት ባለደቦ ደግሞ የሚያጣው የዚያን ቀን ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ወሬው ከርሞም ይከተለዋል።

እስካሁን ኬሚስትሪው ከልማዱ ጋር ተስማምቷል። ታሪኩ ግን እዚህ ላይ ለሆርሞን ብቻ አይታዘዝም። በድሮው ሥርዓት ያው ገበሬ፣ ያንኑ ማጭድ ይዞ፣ ከእነዚያው ጎረቤቶቹ ጋር ለጌታው ሁዳድ ይወጣ ነበር። መስመሩ አንድ፣ ልፋቱ አንድ፣ ዜማውም ሊኖር ይችላል፤ ሁዳድ ግን እስከ ዛሬ የሚታወሰው በግዴታነቱ ነው። የካቲት 1967 ዓ.ም በታወጀው አዋጅ መሬት ለሕዝብ ሆነ፤ በ1971 ዓ.ም ደግሞ ደርግ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን መመሪያ አወጣ። ማኅበራቱ መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ ተብለው ደረጃ በደረጃ የሚያድጉ ነበሩ። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ትልቅ ደቦ ነው፦ መሬቱ የጋራ፣ ሥራው የጋራ፣ ገበሬውም እርስ በርሱ የሚተዋወቅ። ልዩነቱ ድርሻው በነጥብ መለካቱ፣ ነጥቡን የሚይዘው ኮሚቴ መሆኑና ከእህሉም መንግሥት በራሱ ዋጋ የሚወስደው ኮታ መኖሩ ነበር። በ1982 ዓ.ም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና መውጣት ሲፈቀድ፣ አብዛኞቹ ማኅበራት በወራት ውስጥ ፈረሱ፤ አባላቱ በሬውንና መሬቱን ተከፋፍለው ወደየማሳቸው ሄዱ። አንጎላቸው በእነዚያ ወራት አልተለወጠም። የተለወጠው ሒሳቡን የሚይዘው ማን እንደሆነ ነው።

ወንፈል ሒሳብ የሌለው የፍቅር ሥራ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አያውቀውም። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ልጁን ላከ፣ ማን ደንዝ ማጭድ ይዞ መጣ፣ ሁሉም በቃል ይያዛል። መዝገቡ ያለው ግን በሠራተኞቹ ራስ ውስጥ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሁሉ የሚያስታውሰው የአንድ ለአምስት አደረጃጀትም የጎደለው ይህ ነበር፤ ቃለ ጉባኤው ወደ ላይ ይሄዳል፣ አምስቱ ግን እርስ በርስ የሚበዳደሩት ነገር የለም።

ሰበታና ቡራዩ ዛሬ የፋብሪካ ከተሞች ናቸው። ሰበታ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የሜታ አቦ ቢራ መኖሪያ ስትሆን፣ ከ1990ዎቹ ዓ.ም ወዲህ የአበባ እርሻ ላስቲክ ቤቶች እስከ ሆለታ ድረስ ተዘርግተዋል። እዚህ ስለ ሠራተኛው የሚነሳው ጥያቄ ግን እንዴት ይቆያል የሚለው ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ደርኮን በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች፣ የአበባ እርሻን ጨምሮ፣ ወደ 1000 የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎችን ይዘው ባጠኑት ጥናት፣ ሥራውን ካገኙት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፤ ዓመት ሳይሞላ ከሦስት አራተኛ በላይ ወጡ። ደመወዙ መደበኛ ካልሆነው ሥራ እምብዛም አይበልጥም፣ ለጤናም ጎጂ ነበር። እዚህ ላይ ስለ ዶፓሚን ማውራት ትንሽ ያሳፍራል፤ ማታ የሚጠብቅ ጠላ የለም።

ከሚቆዩት መካከል ደግሞ ደመወዝ በተቀበሉ ቀን ዕቁብ የሚጥሉ ብዙ ናቸው። አንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን የሚሠሩ፣ ምሳ አብረው የሚበሉ፣ አንድ ግቢ ተከራይተው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው፤ እንደ ኦክሲቶሲን ሰባኪዎቹ ከሆነ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልጋቸውም ነበር። ሆኖም ዕጣው ቶሎ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት የዕቁቡ ዳኛ የሚጠይቀው ዋስ ነው። ዋሱም ብዙ ጊዜ ዕጣው ገና ያልደረሰው የዚያው ዕቁብ አባል ነው፤ ተበዳሪው ቢጠፋ ከራሱ ድርሻ ይቆረጥበታል።