ሁለት ቢላዋ፣ አንድ ሰፈር፦ የክርስቶስ ባሕርይ ክርክር ከቦሩ ሜዳ እስከ ኮልፌ ቀራንዮ

ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው ከሁለት ሰፈሮች ነው። በቀራንዮ በኩል የመድኃኔ ዓለም ደብር አለ፤ መጋቢት 27 ጥንተ ስቅለቱ ሲታሰብ ምእመናን ኢየሱስ ክርስቶስ አምላክ ሆኖ ሳለ በሥጋው ስለ ሰው ልጅ መሞቱን ይመሰክራሉ። በኮልፌ በኩል ደግሞ የከተማዋ ሙስሊሞች ወገኖቻቸውን የሚቀብሩበት ሰፊ መካነ መቃብር ይገኛል፤ እዚያ ያረፉት ሰዎች በሕይወት ሳሉ የመርየም ልጅ ዒሳ ታላቅ ነቢይ መሆኑን፣ እንዳልተሰቀለና አላህ ወደ ራሱ እንዳነሣው ሲያምኑ የኖሩ ናቸው። ከመርካቶ በስተ ምዕራብ ንግድንና ሥራን ተከትለው የሰፈሩት የጉራጌ፣ የስልጤ፣ የኦሮሞ፣ የአማራና የሌሎችም ቤተሰቦች እነዚህን ሁለት እምነቶች በአንድ አጥር ውስጥ ይዘው ኖረዋል። ይህን አብሮነት ለማስረዳት ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንደኛው “ሁላችንም ኢየሱስን እናከብራለን፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው” ይላል። ሁለተኛው “ልዩነቱ የማይታረቅ ስለሆነ መጨረሻው ጠብ ነው” ይላል። የአገራችን ታሪክ ሁለቱንም አይደግፍም። ሰላሙንም ጠቡንም የወሰነው የእምነቶቹ መቀራረብ ወይም መራራቅ አልነበረም፤ ክርክሩን በእጁ የያዘው ማን እንደሆነ ነው።

በመጀመሪያ ልዩነቱን ሳይሸፋፍኑ ማስቀመጥ ይገባል። ቁርኣን ዒሳን መሲሕ ይለዋል፤ ከድንግል ያለ አባት መወለዱን፣ በአላህ ፈቃድ ሙት ማስነሣቱንና ዕውር ማብራቱን ይናገራል። በአን-ኒሳእ ምዕራፍ የአላህ ቃልና ከርሱ የሆነ መንፈስ ተብሎ ተጠርቷል። ይሁን እንጂ እዚያው ላይ “ሦስት” ማለት ይከለከላል፤ አላህ ልጅ ሊኖረው አይገባም ይባላል፤ በሌላ ምዕራፍም አፈጣጠሩ በአደም ይመሰላል። በእስልምና ተውሒድ ማለት ለአላህ ተጋሪ አለማድረግ ስለሆነ፣ ፍጡርን አምላክ ማለት ከኃጢአት ሁሉ የከፋ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ፣ በ431 ደግሞ በኤፌሶን የተወሰነውን ይዛ፣ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው፤ በተዋሕዶም ያለ መለወጥ፣ ያለ መቀላቀል ሰው ሆነ ትላለች። በ451 በኬልቄዶን የተነገረውን የሁለት ባሕርይ ትምህርት አልተቀበለችም። ለአንድ ክርስቲያን የክርስቶስ አምላክነት ከተነሣ ድኅነት የለም፤ ለአንድ ሙስሊም ያንኑ መቀበል የእምነቱን ምሰሶ መንቀል ነው። እንዲህ ያለውን ልዩነት ትንሽ ማለት ሁለቱንም ወገን አለማክበር ነው።

ልዩነቱን ማሳነስ የሚወዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የአክሱሙን ንጉሥ የነጃሺን ታሪክ ያነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ወደ አክሱም የተሰደዱት የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች በንጉሡ ፊት ሲቆሙ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ የመርየምን ምዕራፍ አነበበ፣ ንጉሡም አለቀሰ ይባላል። ታሪኩን ያቆዩልን የሙስሊም ጸሐፊዎች ናቸው፤ አክሱማውያን የጻፉት ምስክር የለም። ሆኖም ትረካውን በደንብ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ትምህርት ከተለመደው የተለየ ነው። ስደተኞቹን ለማስመለስ ከመካ የተላከው ዐምር ኢብን አልዓስ የመጀመሪያው ሙከራ ሲከሽፍበት፣ በማግስቱ “እነዚህ ሰዎች ስለ ዒሳ ከባድ ነገር ይናገራሉ” ብሎ ለንጉሡ ነገረ። ያን ጊዜ ዐምር ሙስሊምም ክርስቲያንም አልነበረም። በዚህ ትረካ የኢየሱስን ባሕርይ በአገራችን ምድር የፖለቲካ መሣሪያ ያደረገው፣ በጉዳዩ ላይ ራሱ ምንም እምነት ያልነበረው ሰው ነው ማለት ነው። ጃዕፈርም ልዩነቱን አልደበቀም፤ ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ ነው አለ። በንጉሡ ዙሪያ የነበሩት የሃይማኖት አባቶች አጉረመረሙ። ንጉሡ ግን ጥገኝነቱን አጸና። ነጃሺ ሰለመ ወይስ በክርስትናው ሞተ በሚለው ላይ ሁለቱ ወገኖች እስከ ዛሬ አይስማሙም፤ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ ስደተኞቹ አልተሰጡም። ከለላው የስምምነት ውጤት አልነበረም፤ ልዩነቱ በግልጽ ከተነገረ በኋላ የጸና ነው።

ቅርበት ሰላምን ያመጣል የሚለው ሐሳብ በትክክል የሚፈተነው ደግሞ በክርስቲያኖች መካከል ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በካቶሊኮቹ በኢየሱሳውያን ስብከት የሁለት ባሕርይን ትምህርት ሲቀበሉ አገሪቱ በርስ በርስ ጦርነት ታመሰች፤ በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያን ከተባረሩ በኋላም ክርክሩ አልቀረም። “ወልድ በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ ማለት ምን ማለት ነው?” የሚለው ጥያቄ ሊቃውንቱን ለሁለት መቶ ዓመት ከፋፈለ። በጎጃም የበረቱት ቅባቶች በመቀባቱ የባሕርይ ልጅ ሆነ አሉ፤ የደብረ ሊባኖስ ጸጎች ከአብና ከድንግል ልደት በተጨማሪ በመንፈስ ቅዱስ ሦስተኛ የጸጋ ልደት አለ አሉ፤ በትግራይ የጸኑት ካሮች ተዋሕዶው ራሱ ያከብረዋል እንጂ ሌላ ቅባት አያስፈልገውም አሉ። ሦስቱም በሥላሴ ያምናሉ፤ ሦስቱም በአንድ ቅዳሴ ይቀድሳሉ፤ ኬልቄዶንንም ሦስቱም አይቀበሉም። ከውጭ ለሚያይ ሰው ልዩነታቸው ቀጭን ነው። ይህ ቀጭን ልዩነት ግን መሳፍንቱ ወገን እየያዙበት ጎንደርን፣ ሸዋንና ጎጃምን አናቁሯል፤ አንዱ ሌላውን አውግዟል፣ አስሯል፣ አሳድዷል። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሰብስበው፣ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ከእስክንድርያ በመጣው ደብዳቤ መሠረት ለካራ ፈረዱ። አልመለስም ካሉት የጸጋ ሊቃውንት መካከል ምላሳቸው የተቆረጠ እንደነበሩ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል።

የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በዚህ አላበቃም። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ አንድ ቃል ብቻ እንዲነገር የወሰነው ያው ሥልጣን ወዲያው ፊቱን ወደ ወሎ ሙስሊሞች አዞረ። የሦስት ዓመት ቀጠሮ ተሰጣቸው፤ ሹማምንቱ ወይ እንዲጠመቁ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ ታዘዙ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው እርሳቸው ናቸው። ሌላው የወሎ መሪ አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም ሆኑ። ሕዝቡ ግን በቀላሉ አልታጠፈም። ሼኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉ ዑለማዎች ለመከላከል ተነሡ፤ ብዙዎች ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ተሰደዱ፤ የቀሩት ቀን ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ሌሊት ሶላት የሚሰግዱ ሆኑ። የጸጋው መነኩሴና የወሎው ሙስሊም በእምነት ምንም የማይገናኙ ሰዎች ነበሩ፤ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ትእዛዝ ግን ሁለቱም ተገፉ። ዐፄ ዮሐንስን የሚከላከሉ ሰዎች ግብጽ በጉንደትና በጉራዕ ጦር ባዘመተችበት ማግስት አገሪቱን በአንድ ሃይማኖት ማሰር ግድ ሆኖባቸው ነበር ይላሉ። ሥጋቱ እውነት ነው፤ ይህ መከላከያ ግን ያንኑ ነጥብ ያጠናክራል። ውሳኔው የመጣው ከነገረ ሃይማኖት አልነበረም፤ ከመንግሥት ሥጋት ነው። የተጠበቀውን አንድነትም አላስገኘም፤ ወሎ ለዓመታት የዓመፅ አገር ሆኖ ቆየ።

ክርክሩ በሊቃውንት እጅ በነበረበት ጊዜ መልኩ ሌላ ነበር። ከየመን መጥተው የተጠመቁትና የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም፣ በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ፣ የኢማም አሕመድ ጦር ደብራቸውን ካቃጠለ በኋላ፣ ለኢማሙ አንቀጸ አሚን የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ማስረጃቸውን የወሰዱት በአብዛኛው ከቁርኣን ነው፤ ዒሳ ቃልና መንፈስ መባሉን ይዘው ቃል ከባለቤቱ እንዴት ይለያል ብለው ሞገቱ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በቤጌምድር የተነሡት ሼኽ ዘካርያስ በዚያው መንገድ ሄዱ። ገና ሙስሊም ሳሉ ቁርኣንን በዐረብኛ እየጠቀሱ ከዑለማዎች ጋር ተከራከሩ፣ ከምኒልክ የመስበክ ፈቃድ አገኙ፣ በ1902 ዓ.ም. ከብዙ ተከታዮቻቸው ጋር ደብረ ታቦር ላይ ተጠመቁ። እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል፤ ሁለቱም ምሳሌዎች ከእስልምና ወደ ክርስትና የሄዱ ሰዎች ናቸው፤ መልሱ የት አለ? መልስስ ነበር። ዑለማዎቹ፣ ቃል ማለት አላህ “ኹን” ሲል የሆነ ማለት ነው፣ መንፈስ ማለትም ከአላህ የተላከ እንጂ ከአላህ የተከፈለ አይደለም ብለው ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። በመንግሥት ፊት ቆሞ ይህንን የመናገር ፈቃድ ግን ለእነርሱ አልተሰጠም። የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም የታተመው በ1961 ዓ.ም. ነው፤ የሙስሊም ጸሐፊዎች የመልስ መጻሕፍት በነጻነት መሸጥ የጀመሩት ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ስለዚህ የምሳሌዎቹ አንድ ወገን መሆን ራሱ ማስረጃ ነው፤ ዙፋኑ የአንዱ ሲሆን ሊቃውንት ያደረጉት ክርክር እንኳ በግማሽ ብቻ ለትውልድ ይደርሳል።

ወደ ኮልፌ ስንመለስ፣ ሦስተኛ የክርክሩ ባለቤት እናገኛለን፤ ጎረቤት። ጎረቤት ስለ ባሕርይ አይሟገትም፤ ልዩነቱን ግን በየዕለቱ ይኖረዋል። ከሁሉ ይልቅ ይህ የሚታየው በሥጋ ቤት ነው። ክርስቲያኑ አራጅ ቢላዋውን ከማሳረፉ በፊት በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ይላል፤ ሙስሊሙ ከብቱን ወደ ቂብላ አዙሮ ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር ይላል። ወልድ የሚለው ቃል በአንዱ ቢላዋ ላይ ይጠራል፣ በሌላው ላይ አይጠራም። የኒቅያ ውሳኔና የተውሒድ ትምህርት፣ መጽሐፍ ያልገለጠ ሰው ሳይቀር በሚያውቀው መልኩ፣ እዚህ ተለይተው ይቆማሉ። በቀድሞው ዘመን የሌላውን ወገን ሥጋ መብላት ሃይማኖት እንደ መለወጥ ይቆጠር የነበረው ስለዚህ ነው። ዛሬም በአንድ መንገድ ዳር የክርስቲያን ሥጋ ቤትና የሙስሊም ሥጋ ቤት ጎን ለጎን ይሠራሉ። ሠርግ ሲደገስ ለሌላው ወገን እንግዶች በራሳቸው ሰው እጅ ለብቻ ይታረዳል፤ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ አሳላፊው ሁሉ ይለያል። ለቅሶ ሲሆን ግን የእድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር አንድ ነው፤ ክርስቲያኑ ወደ ኮልፌ መቃብር ይሸኛል፣ ሙስሊሙም እስከ ደብሩ ድረስ ያጅባል።

ይህን አይቶ “ሕዝቡ በሰላም የኖረው ነገሩን ስለማያውቅ ነው” የሚል አለ። ሥጋው ግን ተቃራኒውን ይመሰክራል። ልዩነቱን የማያውቅ ወይም የማይገደው ሕዝብ ለአንድ ድግስ ሁለት ከብት አይጥልም። “መለያየቱ ራሱ መገፋፋት ነው” የሚል ደግሞ አለ። አንዳንድ ጊዜ እንዲያ ሆኖ ያውቃል፤ ያልተዘጋጀለት እንግዳ ጾሙን ተመልሷል፣ በሥጋ ሰበብ ንቀት የተወረወረበትም አለ። ድግሱ በሚገባ ሲሠራ ግን ትርጉሙ ይገለበጣል፤ ደጋሹ በልቡ ያላመነበትን የጎረቤቱን ሥርዓት በገዛ ገንዘቡ ያስፈጽማል። እንዲህ ያለው ወጪ ከቃል መቻቻል ይበልጣል። ልማዱ ለአደባባዩም ተርፏል። በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች በዓላቸው እንዲከበርና እኩልነታቸው እንዲታወቅ ሰልፍ ሲወጡ ብዙ ክርስቲያኖች አብረዋቸው ወጥተዋል። አንዳቸውም ስለ ክርስቶስ ያላቸውን እምነት ሊያስተካክሉ አልመጡም።

ኮልፌ ቀራንዮ ራሱ ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት ያየው ትልቁ የሃይማኖት ውዝግብም ይህንኑ ያስረዳል። በ2004 ዓ.ም. በክፍለ ከተማው በሚገኘው የአወሊያ ትምህርት ቤት የተጀመረው ተቃውሞ በክርስቲያንና በሙስሊም መካከል አልነበረም። መንግሥት አሕባሽ የተባለውን አስተምህሮ በሙስሊሙ ላይ ይጭናል፣ በሙስሊሙ ምክር ቤት በመጅሊሱ አመራርም እጁን ያስገባል የሚል ነበር። በአንድ ቁርኣን የሚያምኑ፣ ስለ ዒሳ አንድ ቃል የሚናገሩ ሰዎች ነበሩ፤ መንግሥት ወገን ሲይዝ ግን ተቃውሞው አገር አዳረሰ፣ መሪዎቹም ለዓመታት ታሰሩ። በቦሩ ሜዳ ካሮችና ጸጎች፣ በአወሊያ ሙስሊምና ሙስሊም፤ መቀራረባቸው ከምንም አላዳናቸውም።

ዛሬ በስልክ ሁሉ የሚሰራጨው የሃይማኖት ንጽጽር ክርክር ብዙዎችን ያሳስባል፤ እንዲዘጋ የሚጠይቁም አሉ። ዝምታን በሕግ ማዘዝ ክርክሩን ከጎረቤትና ከሊቅ ወስዶ ለመንግሥት መመለስ ስለሆነ የቦሩ ሜዳን መንገድ መድገም ነው። የሚያስፈልገው መመዘኛ ሌላ ነው። ተከራካሪው የሌላውን መጽሐፍ እንደ ባለቤቱ አንብቦታል ወይስ ቆራርጦ ያመጣዋል? ለተሰደበው ወገን በዚያው ሚዛን የመመለስ መብት አለ ወይስ የለም? ክርክሩ ሲያበቃ የተሸነፈው ሰው ሥራው፣ ቤቱና እድሩ በቦታቸው ይቆዩታል ወይስ አይቆዩትም? ኢየሱስ የባሕርይ አምላክ ነው ወይስ የአላህ ነቢይ የሚለው ጥያቄ ቀራንዮ ላይም ኮልፌ ላይም አይዘጋም፤ ይዘጋ ማለትም ከአንዱ ወገን እምነቱን መጠየቅ ነው። የሚቻለው ጥያቄው ክፍት ሆኖ ሳለ የማንም መብት እንዳይንጠለጠልበት ማድረግ ነው፤ ይህንን ደግሞ የኮልፌ ደጋሾች ለሁለት ወገን ሲያርዱ ቆይተዋልና ከማንም ቀድመው ያውቁታል።