ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች፦ በማዋለጃ ክፍል ውሳኔው የማን ነው?

1952 ዓ.ም. ለሐዋሳ የልደት ዓመቷ ነው። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ አንድ ወፍራም የሕግ መጽሐፍ ታወጀ፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ። አንቀጽ 20 የሚለው ነገር አጭር ነው፦ ማንኛውም ሰው በሐኪም መመርመርን ወይም መታከምን፣ ኦፕራሲዮንንም ጭምር፣ በማናቸውም ጊዜ እምቢ ማለት ይችላል።

ሕጉ በወጣበት ዘመን ሐኪም ባለበት የምትወልድ ኢትዮጵያዊት ከቁጥር አትገባም ነበር። እምቢ የማለት መብት ቀድሞ መጣ፤ እሺ የሚባልበት ሆስፒታል ግን ለአብዛኞቹ ገና አልነበረም። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ሐዋሳ የዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አላት፤ አዳሬ አለ፤ ጤና ጣቢያዎች አሉ። የአንቀጽ 20 መብት ግን ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ይህ እንዴት ሆነ? መልሱን ለማግኘት በምጥ ጊዜ ውሳኔው በየዘመኑ በማን እጅ እንደነበረ ማየት ያስፈልጋል።

*ውሳኔው የቤተሰብ በነበረበት ዘመን*

በቤት ውስጥ ወሊድ ሴቲቱ ብቻዋን አልነበረችም። እናቷ፣ አማቷ፣ ጎረቤቶቿና የልምድ አዋላጇ ይከቧታል። ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ትንበረከካለች፣ ወገቧን የሚደግፍ ሰው አላት፤ ዙሪያዋን «ማርያም ማርያም» ይባላል። አልጋ ላይ በጀርባሽ ተኚ የሚላት የለም። አያያዙ ሰው ያለበት ነበር።

ምጡ ሲጠና ግን ውሳኔው ከእጇ ይወጣል። ቃሬዛ ይሠራ ወይስ ይጠበቅ፣ ገንዘብ ይውጣ ወይስ ይቅር የሚሉት ባል፣ አማችና ሽማግሌ ናቸው። የጤና ባለሙያዎች እናቶችን የሚገድሉትን መዘግየቶች በሦስት ይከፍሏቸዋል፦ ወደ ሕክምና ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፣ በመንገድ መዘግየት፣ ተቋም ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። የመጀመሪያው የመኪናም የመድኃኒትም ጉዳይ አይደለም። የውሳኔ ጉዳይ ነው።

የወሊድ አደጋ ማዕረግም ዕውቀትም አያግደውም ነበር። በእንግሊዝ አገር የነርስነት ሙያ የተማረችው ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምት ያረፈችው ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር ነው። በስሟ በአዲስ አበባ ሆስፒታል ተሠራ። በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ከአውስትራሊያ የመጡትም እዚያው ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። የጠበቃቸው ግን ሌላም ነገር ነው፦ ለቀናት አምጠው ልጃቸውን ያጡ፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር የተሳናቸው፣ ከሰው የተገለሉ ሴቶች። ከዚያ የፌስቱላ ሆስፒታል ተወለደ። በ1990ዎቹ መጨረሻም ከቅርንጫፎቹ አንዱ ከሐዋሳ በስተደቡብ በምትገኘው በይርጋለም ተከፈተ። ፌስቱላ ያለው ትርጉም ግልጽ ነው፤ ውሳኔው ሲዘገይ ዋጋውን የምትከፍለው ያልወሰነችው ሴት ናት።

*ውሳኔው የመንግሥት ሲሆን*

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞች ተመደቡ፤ ወረዳዎች አምቡላንስ አገኙ፤ በመንግሥት ተቋማት መውለድ በነፃ ሆነ። ጤና ጣቢያዎች ቡና እንዲፈላ፣ ገንፎ እንዲገነፋ ፈቀዱ፤ ሩቅ ላሉት የእናቶች ማቆያ ቤቶች ተሠሩ።

ውጤቱ የሚናቅ አይደለም። በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ከመቶ 5 ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሱ። በ1992ቱ ጥናት ከ100 ሺህ በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ 412 ሆነ። ይህ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ሕይወት ነው፤ ስለ እናቶች መብት የሚያወራ ሁሉ ይህን ሳያመሰግን ማለፍ የለበትም።

የዘመቻው ቋንቋ ግን የትእዛዝ ቋንቋ ነበር። ቀበሌዎች «ከቤት ወሊድ ነፃ» እየተባሉ ተመረቁ። በአንዳንድ ወረዳዎች ቤቷ የወለደች እናት በገንዘብ እስከመቀጣት ተደረሰ። ውሳኔው ከባልና ከአማት እጅ ወጥቶ ወደ ቀበሌና ወደ ጤና ባለሙያ ተዛወረ። በመካከል ያለፋት ባለቤቷ ራሷ ናት።

*አልጋው ላይ*

በ2007 ዓ.ም. የታተመ፣ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የተሳተፈበት አንድ ጥናት በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታልና በጤና ጣቢያዎች የወለዱ 173 እናቶችን ጠይቆ ነበር። በሆስፒታሉ የወለዱት ሁሉም፣ በጤና ጣቢያ ከወለዱትም አብዛኞቹ፣ መረጃ የማግኘት፣ ፈቃድ የመጠየቅና የሚመቻቸውን አወላለድ የመምረጥ መብታቸው ተጥሷል። በአጠቃላይ ከመቶ 78ቱ ቢያንስ አንድ ዓይነት ክብር የሚነካ ድርጊት ደርሶባቸዋል። «በደል ደርሶብኛል» ያሉት ግን ከመቶ 16 ብቻ ናቸው።

ቆም ብሎ ማሰብ የሚገባው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። ሴቶቹ አልዋሹም። ሳይጠየቁ መመርመር፣ ሳይነገራቸው በመቀስ መሰንጠቅ፣ እናታቸው ከበር ውጭ መቅረቷ የሕክምናው አካል መስሏቸዋል። ተጠይቃ የማታውቅ ሴት አለመጠየቋን በደል ብላ አትቆጥረውም።

አማርኛ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ሲል አዋቂን ላስተምር የሚለውን ይተርባል። ተረቱ በምጥ ጉዳይ ባለዕውቀቷ የወለደችው ናት ብሎ የሚነሣ ነው። በማዋለጃ ክፍል ይህ ይረሳል። አራት የወለደች እናት «ልጁ እየመጣ ነው» ስትል «ገና ነሽ፣ ዝም በይ» ትባላለች። ኦፕራሲዮን ሲያስፈልግ ደግሞ አዋቂዋ ሴት አጠገባቸው ተኝታ ሳለ፣ እንዲፈርም ባል ይፈለጋል። ይህ የሕግ ግዴታ ሳይሆን የቆየ ልማድ ነው።

በሐዋሳ ሌላ ሸክም ይጨመራል፤ ቋንቋ። ሆስፒታሎቿ ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከምዕራብ አርሲና ከሌሎችም አካባቢዎች የሚመጡ እናቶችን ይቀበላሉ። ሲዳምኛ ወይም ኦሮምኛ ብቻ የምትናገር እናት በአማርኛ የተነገራትን ሰምታ ራሷን ብትነቀንቅ፣ ያ ስምምነት ሊባል አይችልም።

*የሐኪሙ ክርክር*

ሐኪሞችና አዋላጆች የሚያነሱት መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ደም እየፈሰሰ ስብሰባ አይጠራም። የሕፃኑ የልብ ምት ሲወርድ የሚቆጠረው ደቂቃ ነው። አንዲት አዋላጅ ሌሊቱን ሙሉ በርካታ ምጥ ላይ ያሉ ሴቶችን ስትከታተል፣ ከእያንዳንዷ ጋር መወያየት የምትችልበት ጊዜ የላትም።

ይህ እውነት ነው፤ ግን አብዛኛው ወሊድ ድንገተኛ አይደለም። ድንገተኛ ሊሆን የሚችለውም ቢሆን የወራት የእርግዝና ክትትል ይቀድመዋል። «ምጥሽ ቢቆም መርፌ እንሰጥሻለን፤ ያም ካልሆነ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ ይችላል፤ ማን አብሮሽ እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?» የሚለው ንግግር ቦታው ያ ነው። በጭንቁ ሰዓትም «ልጁ ስለታፈነ አሁኑኑ ልናወጣው ነው፣ ትፈቅጂያለሽ?» ለማለት አምስት ሴኮንድ ይበቃል።

ይህ የቅንጦት ጥያቄም አይደለም። የ2006ቱ ደንብ ቁጥር 299 ለታካሚ ሳይገለጽና ፈቃዱ ሳይገኝ ሕክምና እንዳይሰጥ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 ዓ.ም. ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ ምክር የመረጠችው አጃቢ አብሯት እንዲሆን፣ የሚመቻትን አኳኋን እንድትመርጥ፣ በሚገባት ቋንቋ እንዲነገራት መክሯል። የእናት መኝታ ዙሪያ መጋረጃ፣ ሲዳምኛ የሚናገር ባለሙያ በየፈረቃው፣ ለአጃቢ አንድ ወንበር፤ እነዚህ ከአምቡላንስ ይረክሳሉ።

ሳይጠየቁ የመቅረት ዋጋ ደግሞ ወደ መጀመሪያው መዘግየት ይመልሳል። የተሰደበች፣ እናቷ የተከለከለችባት፣ ምን እንደተደረገባት ያልተነገራት ሴት በሚቀጥለው ምጧ አምቡላንስ አታስጠራም። «ትንሽ ልጠብቅ» ትላለች። እህቷንና ጎረቤቷንም ትመክራለች። አገሪቱ ከመቶ 5 ወደ 48 የደረሰችው በግንባታና በዘመቻ ነው። የቀሩት እናቶች ግን የሆስፒታሉን መንገድ ያውቁታል፤ የሚመዝኑት እዚያ ሲደርሱ የሚጠብቃቸውን ነው።

አንቀጽ 20 እንደ ሐዋሳ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሥራ ላይ የሚውለው አዋላጇ እጇን ከመዘርጋቷ በፊት «ልመርምርሽ?» ብላ መልሱን ስትጠብቅ ነው።