የዲማዋ ፒክአፕና የሞተሯ ኮምፒውተር፤ ስለ መኪና ጥገና ታሪክ አጭር ጥናት

ዲማ ሲባል ብዙ አንባቢ ወዲያው የሚያስበው ከብቸና ብዙ ሳይርቅ ያለውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ገዳም፣ ወይም ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የተማሩበትን የሊቃውንት አገር ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ የማነሣው በዚያው አገር ቆማ ስለ ነበረች አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነው። ነገሩ ለታሪክ ጥናት የማይመጥን ሊመስል ይችላል። ሆኖም መኪናዪቱን ለማስነሣት የተደረገው ድካም በአገራችን የጥገና ዕውቀት ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ የሚያሳይ ስለ ሆነ አንባቢ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች አንዱ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው ነው። በጎጃም ግን የመኪና መንገድ ነገር በይበልጥ የሚያያዘው ከኢጣሊያ ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ጋር ነው። ጠላት ሠራዊቱንና ስንቁን ለማመላለስ መንገድ ጠረገ፤ ከመንገዱም ጋር ጋራዥ መጣ። ለዚህ ከሁሉ የቀረበው ምስክር የመካኒኮች አፍ ነው። ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ፖምፓ፣ ኩሽኔታ፣ ጎማ፤ እነዚህ ሁሉ ከኢጣሊያ ቋንቋ የተወሰዱ ናቸው። ጠላት ሲወጣ ቃላቱ ቀሩ፤ ሙያውም ከቃላቱ ጋር ቀረ።

የዚያ ዘመን ሙያ በዐይን የሚታይና በእጅ የሚዳሰስ ነበር። የደብረ ማርቆስ ከፍታ 2,400 ሜትር ያህል ስለ ሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራቶር ያላት መኪና ደጋ ስትወጣ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛባታል፤ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ጉልበቷም ይደክማል። መካኒኩ ጭሱን አይቶ፣ ካንዴላውን ነቅሎ ጥላሸቱን ተመልክቶ ቤንዚኑን ይቀንስላታል። ነገር ግን ይህችው መኪና ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ወደ ጎሐ ጽዮን ስትወጣም ያንኑ ያህል መልሳ ትወጣለች። አየሩ በአንድ ጉዞ ሁለት ጊዜ ሲለወጥ መካኒክ አብሮ ተሳፍሮ ብሎን ሊያዞር አይችልም።

የሞተር ኮምፒውተር የሚባለው እንግዲህ ይህን መካኒክ ያሳፈረው መሣሪያ ነው። በሴንሰሮቹ አማካይነት የአየሩን መጠንና ግፊት፣ የውሃውን ሙቀት፣ የሞተሩን ዙር እየለካ ምን ያህል ነዳጅ መቼ እንዲረጭ ያዝዛል። ቦሽ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ በቮልስዋገን መኪና ላይ ያወጣው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። ቶዮታ ሃይሉክስ የተባለችውን ፒክአፕ ያወጣው ደግሞ በዓመቱ በ1968 ነበር። ናፍጣ ግን ዘገየ። የገጠር ሰው የሚወዳቸው የቆዩት የናፍጣ ሃይሉክሶች ፖምፓቸው ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ ነበር፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት ሞተሮች ናቸው ያለ ኮምፒውተር ፈጽሞ የማይነሡት።

የዲማዋ ፒክአፕ ከእነዚህ ከኋለኞቹ ነች። ቀን እህል ወደ ብቸና ታደርሳለች፤ ሌሊት ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር የምትጠራው እርስዋ ነበረች። ከዕለታት አንድ ቀን የጭነት ሳጥኗ ተሰንጥቆ ሲበየድ የባትሪው ገመድ ሳይነቀል ቀረ። ከዚያ በኋላ ቁልፉ ሲከፈት የሞተሩ ምልክት መብራት እንኳ አልበራም። በአንድ ከተማ ያለ ጋራዥ «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ኋላ እውነት ሆነ፤ ቢሆንም በግምት የተፈረደ ነው እላለሁ። ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው ገመድ አልታዩም ነበርና። አንድ ሴንሰር ብቻ አጭር ዙር ሲፈጥር ኮምፒውተሩ የሚያድለውን 5 ቮልት ስለሚያወርድበት፣ ደኅናው ሣጥን የሞተ መስሎ የሚጣልበት ጊዜ አለ።

ባለ መኪናው አንድ በሬ ሸጦ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛ። ቁጥሩ አንድ፣ መሰኪያው አንድ፤ ሞተሩ ግን አልነሣም። ሰውዬው ተታለልሁ ብሎ አለቀሰ። ያታለለው ግን አልነበረም። የእነዚህ መኪናዎች ቁልፍ በውስጡ የምሥጢር ቁጥር አለው፤ ኮምፒውተሩም ያንን ቁጥር በአንዲት ስምንት እግር ባላት ቺፕ ላይ ይዞ ካላወቀው ነዳጅ አይለቅም። የተገዛው ሣጥን የሌላ መኪና ቁልፍ ነው የሚያውቀው። የዲማ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ ብራና ሲያረጅ ሌላ ብራና ይፋቃል፣ ጽሑፉ ግን ከእናቱ ቅጂ ቃል በቃል መገልበጥ አለበት።

ሦስት ወር ያህል መኪናዪቱ ቆመች። በዚያ ጊዜ ሕመምተኛ በቃሬዛ ይወጣ ነበር። በመጨረሻ ሁለቱም ሣጥኖች ወደ አዲስ አበባ ተላኩ፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን ያደገ አንድ ወጣት ከተቃጠለው ሣጥን ቺፕዋን ነቅሎ በተገዛው ላይ በየደ። ሣጥኑ ተመልሶ ሲገጠም ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ።

ይህን ከቀልድ የማያስቆጥረው የጊዜው ሁኔታ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጁ መኪናዎች ሲገቡ የሚከፈለውን ታክስ እጅግ አከበደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። የኤሌክትሪክ መሙያ ለሌለው የገጠር ከተማ ያለችው ፒክአፕ የመጨረሻዋ ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። መርካቶ ሱማሌ ተራን በመሰለ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሣጥኑ ይገኝ ይሆናል፤ ቺፕ የሚያነብ ሰው ግን በአውራጃ ከተሞች ገና ብርቅ ነው። የሙያ ትምህርት ቤቶቻችን መበየጃውንና ቮልት መለኪያውን ከካንዴላው መፍቻ ጎን ቢያስቀምጡ ሦስቱ ወር ሦስት ቀን ይሆን ነበር።

ወጣቱ በቺፕዋ ላይ ያለውን ጽሑፍ በፍላሽ ገልብጦ ለባለ መኪናው ሰጥቶታል። እርሱም ከተቃጠለው ሣጥን ጋር በጨርቅ ጠቅልሎ በቤቱ አስቀምጦታል፤ ብየዳ ሲኖርም ባትሪውን የሚፈታው ራሱ ነው።