ዲኤክስ በአቃቂ፦ የአንድ ሻንሲ ሁለት ዕድል

የድሮ የጃፓን ስፖርት መኪኖች ፍቅር ለምን እንዳልበረደ ሲጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ፍጥነትና የወጣትነት ትዝታ ነው። አቃቂ ላይ ሆኖ ለሚያየው ይህ መልስ ይጎድላል። ከሳሪስ በቃሊቲ አድርጎ ወደ አቃቂ በሚወርደው መንገድ የሚወደደው አሮጌ የጃፓን መኪና ስካይላይን ወይም አርኤክስ-7 ሳይሆን ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 መመረት የጀመረው ዲኤክስ፣ በሞዴል ኮዱ ኬኢ70፣ በዓለም ዙሪያ ከሚታወቀው ኤኢ86 ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። ቶዮታ በ1983 ኮሮላን በፊት ጎማ የሚነዳ ሲያደርገው፣ ስፖርታዊውን ኤኢ86 በቀድሞው የኋላ ጎማ አሠራር ላይ አስቀረው። በሞላና በአራት ክንዶች የተያዘው ድፍን የኋላ አክሰል ከኬኢ70 የወረሰው ነው። በጃፓን የተራራ መንገዶች መኪና ማንሸራተትን ጥበብ ያደረጉ ወጣቶች የመረጡት ይህንኑ ሻንሲ ነበር፤ ከ1995 ጀምሮ የወጣው «ኢኒሻል ዲ» የተባለው የሥዕል ታሪክም ዝናውን አገነነው።

ልዩነቱ ሞተሩ ላይ ነው። የኬኢ70ው 4ኬ ሞተር 1,290 ሲሲ ሲሆን ቫልቮላዎቹ በዘንግ እየተገፉ ይከፈታሉ። ክፍተታቸውን ለማስተካከል ሞተሩ ሲሞቅ ክዳኑ ይነሳል፤ ስስ የብረት መለኪያ ይገባል፤ የማስገቢያው ክፍተት 0.20፣ የማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ብሎኑ በካቻቢቴ ይዞራል፤ ከዚያ ዳዶው ይጠብቃል። 1,587 ሲሲ የሆነው የኤኢ86 ሞተር በጉልበት እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል፤ 16 ቫልቮላዎቹን ለማስተካከል ግን ውፍረታቸው የሚለያይ ትናንሽ ክብ ብረቶችን መቀያየር ግድ ነው። ትክክለኛው ብረት ካልተገኘ ሥራው ይቆማል። አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነች ደግሞ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ካርቡሬተሩም ካልተስተካከለ ቤንዚን ያበዛል። እንዲህ ባለ ቦታ በእጅ የሚስተካከል ሞተር ከፈጣን ሞተር ይልቅ ቢወደድ ተገቢ ነው።

የትኛው መኪና እንደሚወደድ በመወሰን ረገድ ሕግም የጋራዥን ያህል ድርሻ አለው። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. የመንገድ አቅጣጫዋን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረች። ጃፓንም ኬንያም በግራ ይነዳሉ። በኬንያው ሳፋሪ ራሊ ዳትሰን 240ዜድ እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1973፣ ቶዮታ ሴሊካ ተርቦ ደግሞ ከ1984 እስከ 1986 በተከታታይ ሲያሸንፉ፣ ጎረቤቶቻችን እነዚህን መኪኖች ደጃቸው ላይ አዩ። መሪው በቀኝ ብቻ የተሠራው ስካይላይን አር32 ጂቲ-አር ግን ለእኛ መንገድ አልሆነም። አሜሪካ 25 ዓመት የሞላውን መኪና ከደኅንነት ደንቦቿ ነፃ አድርጋ ታስገባለች፤ እዚያ እርጅና በር ይከፍታል። በእኛ አገር የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው ዲኤክስ ተተኪ አጣ፤ የማደስ ፍላጎቱም በዚያው ልክ በረታ።

ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ አንዳንድ የኤኢ86 መለዋወጫዎችን ዳግም ማምረት ጀምሯል። የዲኤክስን ዕድሜ የሚያራዝሙት ግን በአመዛኙ ቶርኖ ቤቱ፣ የላሜራ ሠራተኛውና ከሌላ መኪና የሚነቀል ዕቃ ናቸው። የቅርስ መኪና ሰብሳቢዎች «ከፋብሪካ እንደወጣ መቆየት» በሚሉት መለኪያ ከተፈረደ፣ ኮፈኑ የተተካ፣ ወለሉ በላሜራ የተጣፈና ሞተሩ በትልቁ 5ኬ የተቀየረ ዲኤክስ ከውድድሩ ውጭ ነው። ይህን መለኪያ አልቀበልም። የአቃቂ ዲኤክስ ታሪክ በየጥገናው የተጻፈ ነው፤ ስለ ጃፓን መኪኖች የሚደረግ ጥናትም የትኛው ክፍል መቼ፣ በማን እጅና በምን ብረት እንደተተካ ከሞተር ቁጥሩ እኩል ሊመዘግብ ይገባል።